‹‹አጥፍቻለሁ›› ማለት የሚያዋጣበት ውድድር

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2009 ምሽት ስታድ ደ ፍራንስ ላይ የሆነውን የማያስታውስ የኳስ አፍቃሪ ጥቂት ነው። ፈረንሳይና አየርላንድ ለደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ጭማሪ ሰዓት ውስጥ ገብተዋል። ቲየሪ ሄንሪ ከሜዳ ልትወጣ የደረሰችውን ኳስ በእጁ አቆማት፣ በእጁ ደገማት፣ ለዊሊያም ጋላስ አሻገራት፣ ጋላስም በጭንቅላቱ አስቆጠራት። አየርላንዶች እጃቸውን እያሳዩ ወደ ስዊድናዊው ዳኛ ማርቲን ሃንሰን ሮጡ። ዳኛው አላየም። ረዳቱም አላየም። ያየውና የሚያውቀው ራሱ ሄንሪ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ኳሷ እጁን መንካቷን አልካደም፣ ዳኛው ግን እሱ አለመሆኑን ተናገረ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ጨዋታው ቢደገም ፍትሃዊ እንደሚሆን ገለፀ። ፊፋ ግን የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ብሎ በሩን ዘጋው። ፈረንሳይ ደቡብ አፍሪካ ገባች፣ አየርላንድ ቤቷ ቀረች።

ሄንሪን መውቀስ ቀላል ነው። ለመድፈኞቹ ደጋፊዎች ደግሞ ቀላል አይደለም! ነገር ግን ጥያቄው የሰውዬው ፀባይ ላይ ብቻ ከቀረ ዋናው ጉዳይ ይታለፋል። ሄንሪ እዚያው ሜዳ ላይ ‹‹በእጄ ነው›› ቢል ምን ያገኝ ነበር? ጎሉ ይሰረዛል፣ ምናልባትም የዓለም ዋንጫው ይቀራል። ዝም ሲልስ? ምንም አይደርስበትም። እ.ኤ.አ. በ2012 የላዚዮው ሚሮስላቭ ክሎዘ ናፖሊ ላይ በእጁ ያስቆጠረውን ጎል ለዳኛው ተናግሮ አሰርዟል፤ ቡድኑ ያን ቀን 3 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። ክሎዘ ተጨበጨበለት፣ ሄንሪ ተሰደበ፣ የሂሳቡ ውጤት ግን ግልፅ ነው፤ እግር ኳስ ለዝምተኛው ይከፍላል፣ ለተናጋሪው ያስከፍላል።

ይህንን ሂሳብ የገለበጠ ስፖርት አለ። የሸራ ጀልባ ውድድር ነው። በእርግጥ ባህር በሌለው አገር ስለ ሸራ ጀልባ ማውራት ሊያስገርም ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በኦሎምፒክ ሰሞን የሸራ ጀልባ ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ሩጫው እስኪጀምር ማኪያቶ የሚታዘዝበት ሰዓት ነው። ሆኖም ‹‹ማን አጠፋ?›› የሚለውን ጥያቄ እንዴት እንደሚፈቱት ላየ ሰው፣ ቫር መጣ ቀረ እያለ ሲጨቃጨቅ ለሚያመሸው የኳስ ተመልካች የሚሆን ብዙ ነገር አለው።

ሃያ አምስት ጀልባዎች አንድ ላይ ሲነሱ ይታሰብ። በመሃላቸው ፊሽካ የያዘ ዳኛ የለም፣ ውሃው ላይ የተሰመረ መስመር የለም፣ ፍሬን የለም። ሁሉም ወደ አንዲት ተንሳፋፊ ምልክት ይገሰግሳሉ። ቅድሚያውን የሚወስነው ነፋሱ ነው። ሁለት ጀልባዎች ሊገናኙ ሲሉ ነፋስ በቀኝ ጎኑ የሚመታው ቅድሚያ አለው፣ በግራ ጎኑ የሚመታው ይለቃል። ሁለቱም ነፋሱን በአንድ ጎን ከተቀበሉና ጎን ለጎን ከሆኑ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ያለው ለታችኛው ይለቃል። አንዱ ከኋላ ከሆነ የኋላው ከፊተኛው ይርቃል። አቅጣጫውን እያዞረ ያለው ደግሞ ለሌላው ቦታ ይሰጣል። ምልክቷ ጋ ሦስት የጀልባ ቁመት ሲቀር ሌላ ሕግ ይገባል፤ ጎን ለጎን ከደረሱት ውስጥ በውስጥ በኩል ያለው መታጠፊያ ቦታ ይሰጠዋል። አደባባይ ላይ ቅድሚያ የማን እንደሆነ ከታክሲ ሾፌር ጋር ተከራክሮ የሚያውቅ ሰው ነገሩ በቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ እዚህ አደባባዩ ራሱ በማዕበል የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው።

የሕጉ መፅሐፍ ገና ሲከፈት ጀምሮ የሚለው ነገር አለ። ተወዳዳሪዎች ሕጉን ማክበር ብቻ ሳይሆን ራሳቸው እንዲያስከብሩት ይጠበቃል፣ ያጠፋ ጀልባም ማንም ሳያስገድደው ወዲያውኑ ቅጣቱን ይወስዳል። ይህ እንደ ሰንበት ትምህርት ቤት ምክር ሊሰማ ይችላል። ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሰማውም ነበር። ከጀርባው ግን ሂሳብ አለ።

ቅድሚያ የቀማ ጀልባ ጥፋቱን ካመነ እዚያው ውሃ ላይ ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይዞራል። ምልክቷን ብቻ ከነካ አንድ ጊዜ ይዞራል። አምስተኛ የነበረው ዞሮ ሲጨርስ ዘጠነኛ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስፖርት ትንሽ ነጥብ የያዘ ነው የሚያሸንፈው፣ ስለዚህ ዘጠኝ ነጥብ ይዞ ይገባል። ያማል፣ ግን አይገድልም። ሳያምን ከቀረና ማታ በክሱ ከተሸነፈ ግን ከውድድሩ ይሰረዛል፤ ሃያ አምስት ጀልባ በተወዳደረበት ሃያ ስድስት ነጥብ ይፃፍበታል። ዘጠኝና ሃያ ስድስት! እዚያ መሃል ላይ ነው ‹‹አጥፍቻለሁ›› የሚለው ቃል የሚወጣው። መርከበኞች ከኳስ ተጫዋቾች የተሻሉ መላእክት ስለሆኑ አይደለም። ውሸቱ ከእውነቱ እንዲወደድ ስለተደረገ ነው።

ተበዳዩስ? እሱም ግዴታ አለበት። ‹‹ፕሮቴስት!›› ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ጀልባው ከስድስት ሜትር የሚበልጥ ከሆነም ቀይ ባንዲራ ወዲያውኑ ያወጣል። ወዲያውኑ! ከሦስት ደቂቃ በኋላ ሲያስበው የነደደው ሰው ክሱ አይታይለትም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከሳሹ ቶሎ ሲናገር ተከሳሹ ዞሮ ቅጣቱን ለመጨረስ ዕድል ያገኛል። ከዚያ ወደብ ሲደርሱ ክሱ በፅሁፍ ይገባል፣ ከውድድሩ በኋላ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ።

አንድ ነገር ደግሞ የኳስ ተመልካቹን በተለይ ሊያስደስተው ይገባል። ቅድሚያ ያለው ጀልባ በደሉን ለማሳየት መጋጨት የለበትም። እንዲያውም ቅድሚያ ቢኖረውም ግጭትን የመሸሽ ግዴታ አለበት። ‹‹ሊገጨኝ መሆኑን ሳይ ዞርኩ›› ካለና ፍርሃቱ ምክንያታዊ እንደነበር ዳኞቹ ከተቀበሉ፣ ሌላኛው በፊቱ አልፎ ሊሄድ መቻሉ አጠራጣሪ ከሆነ፣ ጥፋተኛው ቅድሚያውን የነፈገው ነው። ንክኪ አልነበረም የሚል መከላከያ አያድንም። እግር ኳስ ውስጥ በእግሩ ቆሞ ለመቀጠል የሞከረ አጥቂ ፔናሊቲ ሲነፈግ፣ የወደቀው ደግሞ ሲሰጠው ለሚበሳጭ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችሎቱ ራሱ ቢታይ ሊያስቅ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ጣት የሚያካክሉ የፕላስቲክ ጀልባዎች ይደረደራሉ፣ አንድ ቀስት ነፋሱን ያሳያል። ከሳሹ ጀልባዎቹን እየገፋ ‹‹እኔ እዚህ ነበርኩ፣ እሱ እዚህ›› ይላል። ተከሳሹ ተነስቶ ያንኑ ጀልባ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ከአርባ ዓመት በላይ ያላቸው የተከበሩ ሰዎች እንደ ልጅ አሻንጉሊት ሲገፉ ያመሻሉ። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1960 በአራት ተከታታይ ኦሎምፒኮች ወርቅ የወሰደው ዴንማርካዊው ፖል ኤልቭስትሮም ስለ ሕጉ ባዘጋጀው መፅሐፍ ውስጥ እነዚህን ትንንሽ ጀልባዎች አብሮ አስገብቷቸው ነበር። ቀልድ ግን አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ምስክር ይጠይቃል፣ በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። ዳኞቹ መጀመሪያ የሚወስኑት ‹‹ምን ሆነ?›› የሚለውን ነው። የትኛው ሕግ ተጣሰ የሚለው ቀጥሎ ይመጣል። ፍርዱ ከነምክንያቱ ይነገራል። ጎን ለጎን መድረሱ አጠራጣሪ የሆነ ጀልባ ደግሞ እንዳልደረሰ ይቆጠራል፤ በጥርጣሬ መብት አይገኝም።

እዚህ አገር ክስ ለሚያስይዝ የቡድን አምበል ይህ ሁሉ ሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። ክሱ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፣ ወረቀቱ ይሄዳል፣ ደጋፊው ወሬውን ከካፌ ይሰማል።

ታዲያ የሸራ ጀልባ ሰዎች ይህንን ስርዓት ከሰማይ አላወረዱትም። ዋጋ ከፍለውበታል፣ ትልቁን ዋጋ የከፈሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ውድድሩ ከ1851 ጀምሮ አሜሪካኖች የያዙት የአሜሪካ ዋንጫ ነበር። ቦታው ኒውፖርት፣ ሮድ አይላንድ። ከእንግሊዝ የመጣው ተገዳዳሪ ቶማስ ሶፕዊዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሰራቸው ተዋጊ አውሮፕላኖች የታወቀ ሰው ነው። ጀልባው ‹‹ኢንዴቨር›› ትባላለች፣ በዘመኗ ወደር የላትም ተብላለች። ደመወዝ ይጨመርልን ያሉት ባለሙያ መርከበኞቹ ጥለውት ስለሄዱ ከአማተሮች ጋር ነው የመጣው። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ውድድሮች አሸነፈ። ሦስተኛውንም እየመራ ቆይቶ ከእጁ አመለጠው። በአራተኛው ‹‹ኢንዴቨር›› ቅድሚያዋን ተጠቅማ ወደ አሜሪካዊቷ ‹‹ሬንቦው›› ስትዞር ‹‹ሬንቦው›› መንገድ አልለቀቀችም፣ ሶፕዊዝ ግጭት ለመሸሽ አፈገፈገ። ‹‹ሬንቦው›› ቀድማ ገባች።

ሶፕዊዝ ባንዲራውን ያወጣው ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረብ፣ ዳኞቹ በሚያዩት ቦታ ነው። በእንግሊዝ ልማድ ትክክል ነበር። በአሜሪካኖቹ ሕግ ግን ባንዲራው ወዲያውኑ መውጣት ነበረበት። የኒውዮርክ ያክት ክለብ ኮሚቴ ክሱን አልሰማም አለ። ማን አጠፋ የሚለው ጥያቄ ጠረጴዛው ላይ ሳይቀርብ ቀረ! ክሱ ተሰምቶ ሶፕዊዝ ቢረታ ኖሮ 3 ለ 1 ይመራ ነበር፣ ዋንጫውን ለመውሰድ የሚቀረው አንድ ድል ነው። በምትኩ 2 ለ 2 ሆነ፣ ከዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈ። አሜሪካኖቹን እንግሊዞች ብቻ አይደሉም የወቀሷቸው፣ በራሳቸው አገርም ብዙ ተባለ። ክለቡ ዋንጫውን ያዘ፣ ስሙን ግን እዚያው ውሃ ውስጥ ጣለ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መለየት አለበት። ባንዲራው ወዲያውኑ ይውጣ የሚለው ሕግ ዛሬም አለ፣ ጥብቅም ነው፣ ትክክልም ነው። ጥፋቱ ሁለት ወገኖች በሁለት የተለያየ ልማድ መጋጠማቸውና ከሁለቱ አንዱ ራሱ ዳኛ መሆኑ ነበር። ደግሞ የሚገርመው፣ ሕጉን ለማስተካከል የተነሳው ተበዳዩ አልነበረም። የ‹‹ሬንቦው›› መሪ ሃሮልድ ቫንደርቢልት ነው! ዘመናዊውን የብሪጅ ካርታ ጨዋታ ሕግ ያወጣው እሱ ራሱ ቫንደርቢልት ነው፤ ሰውዬው የሕግ ነገር ይወድ ነበር ማለት ነው። የቅድሚያ ሕጎችን ከስር ጀምሮ አስቦ ፃፋቸው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ተቀባይነት አገኙ፣ ቆይቶም ዓለም አቀፉ ማህበር ተቀበላቸው። ዛሬ የሚሰራበት ሕግ መሰረቱ እዚያ ነው።

ክለቡ ግን ዳኝነቱን በቀላሉ አልለቀቀም። እ.ኤ.አ. በ1970 አውስትራሊያዊቷ ‹‹ግሬትል ሁለት›› እና ‹‹ኢንትሬፒድ›› መነሻው ላይ ተጋጩ፣ ሁለቱም ተካሰሱ። ‹‹ግሬትል›› ቀድማ ገባች፣ የክለቡ ኮሚቴ ግን ሰረዛት። ፍርዱ በሕጉ መሰረት ትክክል ነበር የሚሉ ብዙ ባለሙያዎች አሉ። ማን ሰማቸው? ዋንጫው የሚጠበቅበት ክለብ ለራሱ ጀልባ ሲፈርድ፣ ትክክል ቢፈርድም አይታመንም። ከዚያ በኋላ ነው የአሜሪካ ዋንጫ ክርክሮች ከውጪ ለተውጣጣ ዓለም አቀፍ ጁሪ የተሰጡት።

የኳስ ሰዎች የራሳቸውን 1934 ያዩት በቅርቡ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ቶተንሃም ሜዳ ላይ የሊቨርፑሉ ሉዊስ ዲያዝ ያስቆጠረው ጎል ኦፍሳይድ ተባለ። ቫር ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች ምስሉን አዩ፣ ኦፍሳይድ አለመሆኑንም አወቁ፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ጎሉ የፀደቀ መስሏቸው ‹‹ምርመራው አልቋል›› አሉ። ጥፋታቸው የገባቸው ከሰከንዶች በኋላ ነው። ጨዋታው ቀጥሏልና ምንም ማድረግ አይቻልም ተባለ። ሊቨርፑል 2 ለ 1 ተሸነፈ። እውነቱን እያወቁ አሰራሩ ስለማይፈቅድ አፍ መያዝ፣ ይህ ነው የሶፕዊዝ ባንዲራ። የእንግሊዝ ዳኞች አካል ስህተቱን አምኖ ድምፁን ከቀናት በኋላ አወጣው። ጥሩ ነው። ደጋፊው ቢያንስ ምን እንደተባለ ሰማ።

የሸራ ጀልባው ስርዓትም ቢሆን ንፁህ ነው የሚል ካለ፣ እንግሊዛዊውን ቤን ኤንስሊን ይጠይቅ። በለንደን ኦሎምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ዴንማርካዊው ዮናስ ሆግ ክሪስቴንሰንና ሆላንዳዊው ፒተር ያን ፖስትማ ምልክቷን ነክቷል አሉት። ኤንስሊ አልነካሁም ባይ ነው። ግን ችሎት ቢቀርብ ሁለት ለአንድ መሆናቸውን አሰበና ዞረ። አምኖ ሳይሆን ፈርቶ! እየተናደደ ሄደና ወርቁን ወሰደ፣ በተከታታይ አራተኛውን። ፖስትማ ደግሞ በመጨረሻው የሜዳሊያ ውድድር የኒውዚላንዱን ዳን ስሌተርን ሊያልፍ ሲል ነካው፣ ቅጣቱን ዞረ፣ ከሜዳሊያ ውጪ አራተኛ ሆነ። ማንም ዳኛ ጠልቶት አይደለም። ስለዚህ ምስክር የሚያብርበት ዕድል አለ፣ ያላጠፋ ሰው ቅጣት የሚወስድበት ጊዜም አለ። እሱ ራሱ ኤንስሊ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ብራዚላዊውን ሮበርት ሻይትን ከኋላ ተርታ አስገብቶ ሲያሰቃየው ውሎ፣ ማታ በክስ ሻይት ተሰርዞ ወርቁን እንደወሰደ ለሚያስታውስ ሰው ደግሞ ነገሩ ትንሽ ያስፈግጋል።

ችሎቱ ለመቅጣት ብቻ አለመሆኑም ይነገር። እ.ኤ.አ. በ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ፣ ቡሳን ላይ፣ ካናዳዊው ሎውረንስ ለሚው ሁለተኛ ሆኖ እየሄደ ከሌላ ውድድር ሁለት የሲንጋፖር መርከበኞች ጀልባቸው ተገልብጦ በማዕበል ሲሰቃዩ አየ። መንገዱን ትቶ ሄደ፣ አወጣቸው፣ የሚረከባቸው እስኪመጣ ጠበቀ፣ ተመልሶም 22ኛ ገባ። ጁሪው ተሰብስቦ ሁለተኛ ደረጃውን መለሰለት። ሕጉ ይህን በግልፅ ይፈቅዳል፤ ያለ ጥፋቱ የተጎዳ ይካሳል። ኳስ ውስጥ በዳኛ ስህተት ጎል የተነፈገ ቡድን የሚያገኘው የይቅርታ ስልክ ነው።

አሁን ግን ገንዘቡ ሲበዛ ይህ ስፖርትም ወደ ኳሱ እየመጣ ነው። አንድ ለአንድ በሚደረግ ውድድር ዳኞች በጀልባ ተከትለው እዚያው ይፈርዳሉ፤ አረንጓዴና ነጭ ባንዲራ ጥፋት የለም ማለት ነው፣ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ደግሞ የሚቀጣውን ጀልባ ይለያል። በ2021 ኦክላንድና በ2024 ባርሴሎና በተደረጉት የአሜሪካ ዋንጫዎች ዳኞቹ የሳተላይት መረጃ የሚያሳይ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ነው የፈረዱት። ከውሃው በላይ ተነስተው በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበሩ ጀልባዎችን ሁለት ጊዜ ዙሩ ማለት አይቻልምና ቅጣቱም ተቀየረ። ውሳኔው ፈጣን ነው፣ ለቴሌቪዥን ይመቻል፣ ማታ ችሎት አያስፈልግም። ሆኖም አንድ ነገር ጎደለ። ስክሪኑ ሲመጣ ተወዳዳሪው ‹‹ዳኛው ይየው›› ማለት ጀመረ። ይህ ደግሞ ፓሪስ ላይ ሄንሪ ያለው ቃል ነው።

እግር ኳስ ከዚህ ስርዓት ግማሹን ሞክሮታል። የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ከ2017/18 የውድድር ዘመን ጀምሮ ዳኛ አታሎ የተሳካለትን ተጫዋች ከጨዋታው በኋላ ሁለት ጨዋታ መቅጣት ጀምሯል፤ በፕሪሚየር ሊጉ መጀመሪያ የተቀጣው የኤቨርተኑ ኡማር ኒያስ ነው። ውሸቱ ተወደደ። እውነቱ ግን አልረከሰም። ወድቆ ፔናሊቲ የተሰጠው ተጫዋች ተነስቶ ‹‹አልነካኝም›› ቢል ምን ይቀነስለታል? ቢጫ ካርዱ ይቀርለታል የሚል አንድ መስመር ሕግ ውስጥ የለም። ሕግ አውጪዎቹ በየዓመቱ ሲሰበሰቡ ስለ ኦፍሳይድ መስመር ውፍረት የሚያወሩትን ያህል ይህቺን አንድ መስመር ቢያወሩባት ምን አለበት? የስክሪን ገንዘብ አትጠይቅም።

ያን የፓሪስ ምሽት ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ሄንሪ የአየርላንዱ ሪቻርድ ደን ያለበት ሄዶ ሳሩ ላይ አብሮት ተቀመጠ። ካሜራው ሁለቱን ጎን ለጎን አሳየ። የተባባሉት ነገር የጨዋታው ሪፖርት ላይ የሚሰፍርበት ቦታ አልነበረውም።